ቀዩን ያለፈው ባቡር

ሐዲድ መጥረግ ሰልችቶኛል። ሰልችቶኛል ስል ለወግ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስጠግን ውዬ፣ ወገቤ ተቆርጦ ቤት ስገባ፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «ልጄ፣ ቆመ!» የሚል ድምፅ ከሳሎን ሲጠራኝ በሩን መልሼ ዘግቼ የትም መሄድ ያምረኛል። የትም አልሄድም። ጨርቄን አልኮል ነክሬ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ፣ እነዚያን ክር የሚያካክሉ ሁለት ሐዲዶች ከጫፍ እስከ ጫፍ እጠርጋለሁ። ጨርቁ ይጠቁራል፣ ባቡሩ ይነሳል፣ አባዬ «ተባረኪ» ይለኛል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ «ቆመ!»

ሳሎናችን ሳሎንነቱን ከተወ ቆይቷል። ሶፋውን ለጎረቤት ሰጥተን ቦታውን አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ይዞታል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ጣቢያ አለ። ከካርቶን የተሠራ ትኬት ቤት፣ የውሃ ጋን፣ በኮረብታ ሥር የሚታጠፍ ሐዲድ፣ ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ የመብራት ምሰሶ፣ ከምሰሶው ባሻገር ቆሞ የቀረ የጭነት ባቡር። እኛ ኩሽና ውስጥ ቆመን እንበላለን። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ «አይ አባት! በዚህ ዕድሜ ጨዋታ!» ብሎ ይስቃል። «አሻንጉሊት» ያለው እንግዳማ ሁለተኛ አልተጠራም። አባዬ ሞዴል ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ማስረጃ ነው እላለሁ፣ በልቤ።

አባዬ ባቡር ነጂ ነበር። ሰዓት ከማክበሩ የተነሳ ጓደኞቹ «ደቂቃ» ይሉት ነበር። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ማለዳ ጠረጴዛው ላይ አስመስሎ በሠራት በዚችው ጣቢያ ቀይ መብራት አልፎ፣ የቆመ የጭነት ባቡር ገጨ። ሰው አልሞተም፤ አራት ፉርጎ ግን ተገለበጠ። መርማሪዎቹ ነጂው እንቅልፍ ወስዶታል ብለው ጻፉ። አባዬ «ፍሬን ይዣለሁ፣ ፍሬኑ ነው እምቢ ያለኝ» አለ። ማን ይስማው? ከሥራው ተባረረ። ሠፈር ውስጥ «እንቅልፋሙ» የሚል ስም ወጣለት፤ እኔም በዚህ ስም ምክንያት የሁለት ልጆች አፍንጫ አድምቻለሁ። አሁንም አይቆጨኝም።

ከዚያ ወዲህ ለባቡር መሥሪያ ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፈናል። ጽፈናል ማለቴ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈርማል። እናቴ ነገሩ ሳይለይለት ሞተች። አንድ ደህና ሰው ላግባሽ ብሎኝ፣ ሥራው ሌላ ከተማ ስለነበር አብረን እንሂድ ሲለኝ፣ «የአባዬ ጉዳይ ይለቅና» አልኩት። ሁለት ዓመት ጠበቀኝ። አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን ከዚያ በላይ አልጠብቅም ነበር።

ባለፈው ወር መልስ መጣ። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው መልስ። አዲስ የተሾመው ኃላፊ አሮጌ ፋይሎች ሁሉ ታይተው እንዲዘጉ አዟል፤ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ መሐንዲስ ቤታችሁ መጥቶ ሞዴሉን አይቶ፣ ቃል ተቀብሎ፣ የመጨረሻውን ይጽፋል ይላል። አባዬ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና «ባቡሩ እንዳይቆምብን» አለኝ።

መሳቅ አማረኝ። የእኔ ባቡር አልቆም ብሎኝ ነው ብሎ ሃያ ስድስት ዓመት የሚከራከር ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ባቡር ሁለት ክንድ ሳይሄድ ይቆማል። መሐንዲሱ ይህን ቢያይ ከእኛ ቤት እስከ ቢሮው እየሳቀ ነው የሚሄደው።

የሚቆምበት ምክንያት ተራ ነገር ነው። በድሮዎቹ ትንንሽ ባቡሮች ኃይሉን ስትጨምሪ ይሮጣል፣ ስትቀንሺ ይቆማል፣ አለቀ። የአባዬ ግን ዲጂታል ነው። ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ ሐዲዱ ላይ አለ፤ «ሂድ»፣ «ቀስ በል»፣ «ቁም» የሚለው ትእዛዝም በዚያው ሐዲድ ላይ ነው የሚመጣው። ሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ዲኮደር የምትባል የጥፍር ያህል ሰርኪት አለች፤ እሷ ትእዛዙን ሰምታ ሞተሩን ታዛለች። ታዲያ ከጎማው ሥር ትንሽ አቧራ ከገባ፣ ወይም ሐዲዱ ከሐዲድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ኃይሉ ከተቋረጠ፣ ዲኮደሯ ራሷን ትስታለች። ባቡሩ ይንገጫገጫል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይቆማል። መድኃኒቱም ይታወቃል፦ ካፓሲተር። ኤሌክትሪክ ሲኖር ትንሽ አጠራቅሞ ይይዛል፤ ሲቋረጥ ያንን እያወጣ ለሞተሩ ይሰጣል። እኔ በየቀኑ በስልክ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉትን እየነቀልኩ የምተክል ሴት፣ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለአባዬ ያላደረግኩለት ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። ደክሞኝ ነው።

ረቡዕ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ሎኮሞቲቩን ከፍቼ ሳየው ሆዱ ውስጥ መርፌ የሚያስገባ ቦታ የለም፤ ስለዚህ ካፓሲተሩን ከኋላው በምትከተለው ፉርጎ ውስጥ አስቀምጬ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ አገናኘሁት። የመጀመሪያው ፈነዳ። ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አቀያይሬ ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ፣ ጀማሪ የማያደርገውን! ጧ ብሎ ሲፈነዳ አባዬ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ፣ ቤቱን የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ሞላው። ካውያዬን እንደገና አግዬ ሁለተኛውን በትክክል በቀለጠ ሊድ አጣበቅኩት።

ከዚያ የጭነቱን ባቡር ለጊዜው ከሐዲዱ አንስተን፣ አረንጓዴውን መብራት አብርተን ለቀቅነው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አምስት ዙር። የሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ እንኳ አልተንገጫገጨም። ሆን ብዬ ሐዲዱ ላይ ቁራጭ ወረቀት አነጠፍኩበት፤ ወረቀቱ ላይ ወጥቶ ምንም እንዳልነካው አለፈ። ሰዓት ያዝኩለት፤ ያለ ኤሌክትሪክ ድፍን ሦስት ሰከንድ ይሄዳል።

«ምን አደረግሽው?» አለ አባዬ ፊቱ ሁሉ በርቶ።

«ስንቅ ቋጠርኩለት» አልኩት።

ሃያ ዙር ቆጥሬ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ጣለኝ። ቀዩን መብራት አልሞከርኩትም። ቀዩ የአባዬ ሥራ ነው፤ ገና ጠረጴዛውን ሲሠራ ጀምሮ፣ ቀይ ሲበራ ከምሰሶው ትንሽ ቀደም ብሎ እስከ ጭነቱ ባቡር ድረስ ያለው አንድ ክንድ ሐዲድ ኤሌክትሪክ እንዲቋረጥበት አድርጎ ራሱ ነው የዘረጋው። ሁልጊዜ ይሠራ ነበር፣ እሱን ደግሞ ምን ብዬ እሞክረዋለሁ?

ሐሙስ መሐንዲሱ በሰዓቱ መጣ። አርባ ዓመት አይሞላውም፣ ዓይኑ ግን ቀልቶ፣ ትከሻው በፋይል በተሞላ ቦርሳ ተጣሞ፣ ገና በሩ ላይ ሲያዛጋ በእጁ ሸፈነው። «ይቅርታ፣ ሰባ ሁለት ፋይል አለብኝ፣ የእናንተ አርባኛው ነው» አለኝ። ወዲያው ወደድኩት። ቤታችን ውስጥ ከእኔ እኩል የደከመ ሰው ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ በእንጨት ዘንግ እየጠቆመ ማስረዳት ጀመረ። «ይኸውልህ ልጄ፣ እዚህ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ቀዩን አየሁ። አይቼም ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ባቡሩ የት ይቆም እንደነበር አሁን በዓይንህ ታያለህ።»

የጭነቱን ባቡር ቦታው መልሶ ቀዩን አበራ። ባቡሩ ከኮረብታው ጀርባ ወጥቶ መታጠፊያውን ያዘ። እንዴት ያምር እንደነበር! ምንም ሳይንገጫገጭ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል፤ በሥራዬ ኮራሁ። የተቋረጠው ሐዲድ ላይ ወጣ። አልቆመም። አባዬ መቆጣጠሪያው ላይ «ቁም» የሚለውን ተጫነ። አልቆመም። ደጋግሞ ተጫነው፣ በመጨረሻም «ቁም!» ብሎ በአፉ ጮኸ። ባቡሩ ቀዩን አልፎ ሄዶ የጭነቱን ባቡር ከኋላው ገጨው። የመጨረሻው ፉርጎ ተገፍቶ ከጠረጴዛው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አንዱ ጎማ ተነቅሎ ከኩሽናው በር ሥር ገባ።

ከዚያ አባዬ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አድርገሽ ነው? ማነው ንኪ ያለሽ? እስከ ትናንት ቁም ስለው ይቆም አልነበረም?»

ሰው ፊት እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም። ግን ነገሩ ከአፉ ሳይወጣ ገብቶኝ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባዬ» አልኩ። ወደ መሐንዲሱም ዞሬ አስረዳሁት። «ትናንት ካፓሲተር ጨምሬበታለሁ፣ እንዳይንገጫገጭ ብዬ። ሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ እሱ የራሱን ስንቅ እየበላ ሄደ። ቁም የሚለው ትእዛዝም አልደረሰውም፣ ምክንያቱም ትእዛዙ የሚመጣው በሐዲዱ ነው፣ ሐዲዱ ደግሞ ሞቷል። ቀዩን ሳልሞክር ነው ያስረከብኩት። አባዬ ምንም አላጠፋም።»

ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ማለት፣ ነጂው ቁም ብሏል። ማሽኑ ግን የነካካው ሰው በሠራው ስህተት አልቆመም።» ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «አባቴ፣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ከየት ይመጣል? እኔም መዝገቡን ሳነበው እንዲሁ ነበር የጠረጠርኩት። ያ ፍሬን ተቆራርጦ ከተሸጠ ዘመኑ ነው፤ ማንም ተመልሶ ሊያየው አይችልም። የፍሬን ብልሽት ብዬ እጽፋለሁ።»

ብዕሩን አወጣ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ፣ በአንድ የተበላሸ ፉርጎ ምክንያት ሊያልቅ ነው! እናቴን አሰብኳት። ነገ ሥራ ሳልሄድ እስከ እኩለ ቀን ስተኛም ታየኝ፤ ከእናቴ ቀጥሎ ያሰብኩት እሱን መሆኑን አልደብቅም።

«አንድ ክፍት ቦታ ብቻ አለ» አለ ሰውዬው ፎርሙን እያገላበጠ። «ያን ቀን ጠዋት ፍሬኑን አይቶ ደህና ነው ብሎ የፈረመው መካኒክ ማነው? ፊርማው አይነበብም። ስሙ እዚህ ጋ መግባት አለበት።»

መካኒኩን እኔም አውቀዋለሁ። አጭርና ጠንካራ ስለነበር «ብሎን» ነበር የሚሉት፤ ከአባዬ ጋር ምሳ ዕቃ የሚጋሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ከአደጋው በኋላ ተነጋግረው አያውቁም። ከአራት ዓመት በፊት ሲሞት አባዬ ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ እኔ ቂም ይዞ መስሎኝ ነበር።

«ሞቷል» አልኩ እኔ። «ሙሉ ስሙን ልንገርዎት።»

«ከሞተማ ቀላል ነው። የሚጠየቅ የለም፣ ስም ብቻ ነው።»

«ስም ብቻ» አለ አባዬ።

ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መቀመጫ ፈልጎ ተቀመጠና ወደ እኔ ቀና አለ።

«ቅድም ስጮኽብሽ ወዲያው ነው ጥፋቱ የእኔ ነው ያልሽው።»

«እና ምን ልበል? የእኔ ነዋ።»

«እሱን ነው የምለው» አለ። ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ዞረ። «ልጄ፣ የማንንም ስም እንዳትጽፍ። ፍሬኑ ደህና ነበር። ብሎን ያን ቀን ጠዋት ሥሩ ተኝቶ በእጁ እየዳሰሰ ነው ያየው፣ እኔ ቆሜ አይቼዋለሁ። ተኝቼ ነበር።»

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ከዚያ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ምክንያት ፈለግሁለት።

«ታመህ ነበር? ሌሊቱን ሲያሠሩህ አድረው ነበር?»

«አይደለም። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አርፌያለሁ። እንዲሁ ደከመኝ። ከመታጠፊያው በፊት ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ፤ ስገልጠው ፉርጎው ፊቴ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» ድምፄ ጎረቤት ሳይሰማው አልቀረም። «ለሌላው ተወው፣ ለእኔ! ዕድሜዬን ነው የጨረስኩት፣ አባዬ!»

«ያን ቀን እናትሽ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ፍሬኑ ነው አልኳት። አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኩት። ነገ እነግራታለሁ ብዬ አደርኩ። በነጋው አንቺ ከትምህርት ቤት መጣሽ። ከደብተርሽ ወረቀት ገንጥለሽ ‹አባቴ አይዋሽም› ብለሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ አምጥተሽ ፊቴ ዘረጋሽልኝ። ብዕርም ሰጠሽኝ። ፈርም አልሽኝ።» እጆቹን አያቸው። «ፈረምኩ።»

ጠረጴዛውን ከነጣቢያው፣ ከነኮረብታው ብገለብጠው ደስ ባለኝ ነበር። ያንን ደብዳቤ አስታውሰዋለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ ነው ያሰመርኩበት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ዝም ብል ኖሮ፣ አንድ ቀን ብቻ ዝም ብል፣ በማግስቱ ለእናቴ ይነግራት ነበር። ወይም አይነግራትም ነበር። ይህንን አሁን ማን ያውቃል? እሱም አያውቀውም።

መሐንዲሱ ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከተተው። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«አባቴ፣ አልሰማሁም ብል ለሁላችንም ይቀላል» አለ። ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነበር።

አልዋሽም፣ ፈተነኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ የአባዬ ስም ዛሬ ይጸዳል፣ ብሎን እንደሆነ መቃብር ውስጥ ነው፣ ልጆቹም ይህን ፎርም ምናልባት አያዩትም። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የለመንኩት ነገር ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ውሰጂኝ እያለኝ ነው። ወለሉ ላይ የወደቀውን ፉርጎ አንስቼ ቦታው መለስኩት፤ ሦስት ጎማ ስለነበረው አንዱ ወገኑ ዘመም አለ።

«ሰምተዋል» አልኩት መሐንዲሱን።

ሰውዬው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ንጹህ ወረቀት ከቦርሳው አወጣ። የጽሑፍ ቃል ያስፈልጋል አለ። አባዬ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

«ጻፊልኝ፣ ልጄ።»

«እኔ አልጽፍም። ይቺን አንተ ጻፍ።»

መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። ከፊርማው በቀር በእጁ ከጻፈ ስንት ዓመቱ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ጀማሪ ተማሪ ይለቅመዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅበት አልቀረም። መሐንዲሱ ሰዓቱን አላየም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ አባቴን አየሁት፤ ብዕሩን አጥብቆ ይይዛል። ተናድጄበት ነበር፣ ገና ብዙ ጊዜ እንደምናደድበትም አውቄያለሁ። ደግሞም አሳዘነኝ። ሁለቱ አንዱ አንዱን አላስለቀቀውም።

ሲጨርስ ድምፁን ጠርጎ አነበበልን። «በዚያን ዕለት ጠዋት ባቡሩን እየነዳሁ ተኝቼ ነበር። ፍሬኑ ደህና ነበር። ያየው መካኒክ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የተናገርኩትና የፈረምኩት ሁሉ ሐሰት ነው።» ወረቀቱን ለእኔ ዘረጋልኝ። «ምን ልጨምርበት? ደብዳቤ የምታውቂ አንቺ ነሽ።»

ተቀብዬ አየሁት። አሥራ ዘጠኙም ደብዳቤዎቼ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ «ሆኖም ግን» የሚል አለ፤ ከዚያ በኋላ ነው ምክንያቱ ሁሉ የሚደረደረው፣ ችሎታዬም እሱ ላይ ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ የሚገባበትን ቦታ ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። አጣሁለት።

«ምንም አትጨምር» አልኩት። «ፈርም።»